ቱታ ለብቻ አይመከትም

መቂ ወይም ዝዋይ አካባቢ ቲማቲም ከሚያለማ ገበሬ ጋር ስለ ተባይ ጨዋታ ከጀመራችሁ ብዙ ሳትቆዩ ቱታ ላይ ትደርሳላችሁ። ቱታ ትንሽ የእሳት እራት ናት። ቀለሟ ግራጫ፣ ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲሜትር በታች ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች፣ ሜዲትራኒያንን ዞረች፣ ሰሜን አፍሪካ ደረሰች፤ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየች። ዝም ከተባለች የአንድን ማሳ ቲማቲም እንዳለ ልታወድም ትችላለች።

የተለመደው መልስ መርጫ ማንሳት ነው። ዛሬ አንድ ኬሚካል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ። አልሞት ሲል መጠኑን መጨመር። እሱም አልሠራ ሲል ሁለት ሦስቱን በአንድ በርሜል መበጥበጥ። በስምጥ ሸለቆ የአትክልት ማሳዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል መርጨት፣ ባዶውን ዕቃ አጥቦ ለሌላ አገልግሎት ማዋልም እንደዚያው። ተመራማሪዎች ደጋግመው የመዘገቡት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከታወቀ ግን ቆይቷል። የተቀናጀ የተባይ መከላከል ይባላል። ሥልጠናው ይሰጣል፣ መመሪያው ታትሟል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ማሳ ላይ አይታይም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገበሬው ግንዛቤ ስለሌለው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩ ዘዴውን አንድ ገበሬ ለብቻው እንዲፈጽመው የተሰጠ የምክር ዝርዝር ማድረጋችን ነው። ቱታ ግን የአንድ ማሳ ተባይ አይደለችም። የጎረቤት ማሳ፣ ኬሚካል ሻጩና ቲማቲሙን የሚገዛው ሰው ሁሉ እጃቸው አለበት።

መጀመሪያ ዘዴው ምን እንደሆነ እንይ። ሐሳቡ በደንብ ተጽፎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። አልፋልፋ የተባለውን የከብት መኖ የሚያጠቃ ክሽክሽ የተባለ ትንሽ ተባይ ለኬሚካል አልበገር ብሎ ነበር። አራት የነፍሳት ተመራማሪዎች ዛሬም የሚሠራበትን ሐሳብ አቀረቡ። ዓላማው ተባይን ከምድረ ገጽ ማጥፋት አይደለም። ተባዩ የሚያደርሰው ጉዳት ለመከላከያው ከሚወጣው ወጪ ሊበልጥ ሲቃረብ ብቻ እርምጃ መውሰድ ነው። ከዚያ በፊት ሥራውን ለተፈጥሮ ጠላቶቹ፣ ለጥሩ ዘር፣ ለሰብል ፈረቃና ለንጽሕና መተው። ኬሚካል ተከለከለ ማለት አይደለም። ተራው መጨረሻ ላይ ነው ማለት ነው።

ኢንዶኔዥያ ይሄን በአገር ደረጃ ሞክራዋለች። ሩዟን ቡናማ ቀለም ያለው ፌንጣ መሰል ተባይ ሲጨርስባት መንግሥት ለኬሚካል ድጎማ እየሰጠ ያስረጭ ነበር። በተረጨ ቁጥር ተባዩ ባሰበት። ለካስ ኬሚካሉ መጀመሪያ የሚጨርሰው ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 ዓይነት ኬሚካሎች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ አገዱ፤ በ1989 ደግሞ ድጎማው ተነሳ። ገበሬዎች በየሳምንቱ ማሳ ላይ ተሰብስበው ነፍሳት የሚቆጥሩበት የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የተወለደውም እዚያው ነው።

ወደ ቲማቲማችን እንመለስ።

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሡት

አንዲት ሴት ቱታ በሕይወት ዘመኗ እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ወዲያው የቅጠሉን ቆዳ በስቶ ይገባና በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መሃል ያለውን ሥጋ ይበላል። ሲጠግብና ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፈር ወርዶ ሙሽሬ ይሆናል፣ ማለትም ሳይበላ ወደ እራት የሚለወጥበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። በሞቃት አካባቢ ይሄ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። ስለዚህ አንድ የቲማቲም ሰብል ከተከላ እስከ መጨረሻው ለቀማ ሦስት አራት የቱታ ትውልድ ሊያስተናግድ ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። የተጠቃ ቅጠል ቁረጡና ወደ ፀሐይ አንሡት። ትሉ የበላው ቦታ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ ነጣ ያለ ከረጢት ይመስላል። ከረጢቱ ጥግ ላይ ጥቁር ጥቁር ኩሱ ተከምሯል። ትሉ ካለ ጥላው ሲላወስ ታዩታላችሁ። ከሌለ ወጥቶ ሄዷል፤ ያ ቅጠል ላይ መርጨት ትርፉ ድካም ነው። የበላው መስመር ቀጭንና እንደ እባብ የተጠማዘዘ ከሆነ ደግሞ ቱታ አይደለችም። ቅጠል የምትቦረቡር ትንሽ ዝንብ ናት። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ይሄን ሳይለዩ የሚባክነው ገንዘብ ብዙ ነው።

ትሉ ቅጠል ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ በንክኪ ብቻ የሚገድል ኬሚካል አያገኘውም። እራቷም ቀን ቀን ቅጠል ሥር ተደብቃ ነው የምትውለው፤ የምትንቀሳቀሰው ምሽትና ንጋት ላይ ነው። ቀትር ላይ የሚረጨው ኬሚካል ታዲያ ማንን ያገኛል? ንቧን ያገኛል። ክሽክሽ የምትበላዋን ነጠብጣባም ጥንዚዛ ያገኛል። በተባይ ትሎችና እንቁላሎች ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉትን ጥቃቅን ተርቦች ያገኛል። ላምዳ ሳይሃሎትሪንን የመሳሰሉ ኬሚካሎች ሲደጋገሙ ደግሞ ቀይ ማይት የምትባል፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ተባይ ትፈላለች። የሚበሏት ስላለቁላት ነው። ገበሬው ያኔ ለማይቷ ሌላ ኬሚካል ይገዛል።

ማሳን ማየት የሚባለው ሥራ ከባድ አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳው ውስጥ በጥምዝምዝ እየተጓዙ ሃያ ሠላሳ ተክል መርጦ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው። ስንቱ ላይ ሕይወት ያለው ትል አለ? ካለፈው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ከተቻለ የፌሮሞን ወጥመድ ይታከልበታል። የሴቷን ሽታ የያዘች ትንሽ ጎማ ሳሙና የገባበት ውሃ ከሞላ ሳፋ በላይ ትንጠለጠላለች፤ ወንዶቹ ሲመጡ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ጎማዋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ትሠራለች። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ ለብቻው ማሳ አያድንም። ትልቁ ጥቅሙ እራቶቹ መቼ እንደበዙ መናገሩ ነው። በዙ ማለት ከጥቂት ቀናት በኋላ ትል ይፈለፈላል ማለት ነው። መርጨት ካስፈለገ ጊዜው ያ ነው፣ ትሉ ገና ሳይገባ ወይም ገና እንደገባ፣ አመሻሽ ላይ።

ለዚህ ጊዜ ኒም ጥሩ አማራጭ ነው። ዛፉ ድሬዳዋን በመሳሰሉ ቆላ ከተሞች ለጥላ ተተክሎ ሞልቷል። ጥቅም ያለው ቅጠሉ ሳይሆን በተለይ ፍሬው ነው። በደንብ ደርቆ፣ ሻጋታ ሳይነካው የተቀመጠ ፍሬ ተፈልፍሎ ይወቀጣል። ለአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ነው ልኩ፤ ሃያ ሊትር ለሚይዝ መርጫ አንድ ኪሎ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በጨርቅ በደንብ ይጠለላል፣ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበታል። ፀሐይ ስለሚያበላሸው አመሻሽ ላይ ይረጫል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ኒም በዚያው ቀን ትል ጥሎ አያሳይም። ትሉ መብላት ያቆማል፣ ማደግ ያቅተዋል፣ ከቀናት በኋላ ይሞታል። በማግስቱ ሄዶ ትሉን በሕይወት ያየ ገበሬ «አይሠራም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም፤ የነገረው የለማ።

ሱቁ ውስጥ

የነገረው የለም ካልን፣ የሚነግረው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል ሻጩ ነው። ገበሬው የተበላ ቅጠል ይዞ ወደ ከተማ ይገባል። ሻጩ ያየዋል፣ ጠርሙስ ያወርዳል፣ «ከዚህ ጋር ደግሞ ይሄን ቀላቅልበት» ይላል። ሻጩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ኑሮው ሽያጭ ነው፤ «ዛሬ አትርጭ፣ ሦስት ቀን ጠብቀህ እየው» ብሎ ምን ያተርፋል? የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በበኩሉ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አለበት፣ ጤፍና ስንዴ አለበት፣ ሪፖርት አለበት። ለአትክልት መስኖ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

ጠርሙሱን ራሱን ግን እንየው፤ ማንበብ ለቻለ ብዙ ይናገራል። ከታች ያለው ባለ ቀለም መስመር ለሰው ያለውን አደጋ ያሳያል። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫ ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ብዙ ጠርሙሶች ላይ ደግሞ ቡድን የሚል ቁጥር አለ። ኬሚካሉ ተባዩን በምን መንገድ እንደሚገድል የሚለይ ቁጥር ነው። ከጠቅላላው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አንብቡ ብባል ይቺን ቁጥር እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ገበሬው «ኬሚካል እየቀያየርኩ ነው የምረጨው» ሲል የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ስሙን ነው። ክሎራንትራኒሊፕሮልና ፍሉቤንዲያማይድ ስማቸውም አምራቻቸውም ይለያያል፤ ቡድናቸው ግን አንድ ነው፣ 28። አንዱን የለመደች ቱታ ሌላውንም ትችለዋለች። ይሄ ደግሞ ግምት አይደለም። ጣሊያን፣ ግሪክና ብራዚል ውስጥ ለዚሁ ቡድን የማትበገር ቱታ ተገኝታለች። ያኔ ሲወጣ የቱታ ዋነኛ መፍትሔ የተባለ ቡድን ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው የተለመደው። መቀያየር ማለት ለአንድ የቱታ ትውልድ፣ ማለትም ለአንድ ወር ገደማ፣ አንዱን ቡድን ተጠቅሞ ለቀጣዩ ወር ወደ ሌላ ቁጥር መሻገር ነው። መቀላቀል ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስለመድ ይሆናል።

ጠርሙሱ ላይ ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን ማለፍ እንዳለበት ተጽፏል። ቲማቲም እንደ ስንዴ በአንድ ቀን አይታጨድም። ፍሬው መቅላት ከጀመረ በኋላ በየጥቂት ቀኑ ይለቀማል። በየሦስት ቀኑ እየረጩ በየሳምንቱ የሚለቅሙ ከሆነ ያ ቀን መቼ ይሟላል? አይሟላም። ፍሬው ገበያ ወጥቶ፣ ተከትፎ ሰላጣ ሆኖ ከተማ ውስጥ ይበላል። አጥቦ መብላት ይረዳል፤ ወደ ፍሬው ሥጋ የሚዘልቅን ኬሚካል ግን ውሃ አያወጣውም።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 674/2002 ነው። ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። የጎደለው ገበያ ድረስ የሚወርድ ቁጥጥርና ከሽያጭ የተለየ ምክር ነው። ሐኪሙና ፋርማሲው አንድ ሰው የሆነበት ሥርዓት ውስጥ ታማሚው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ አይሄድም።

የተተወው ማሳ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የቲማቲም ዋጋ አንዳንዴ ይሰቀላል፣ አንዳንዴ ወድቆ የለቃሚና የመኪና ወጪ እንኳ አይሸፍንም። በወደቀ ጊዜ ገበሬው ምን ያደርጋል? ፍሬውን እንደተንጠለጠለ ትቶት ይሄዳል። መሬቱን ለአንድ ወቅት ብቻ የተከራየ ከሆነ ጭራሽ አይመለስም። ማሳው ግን ባዶ አይደለም። ማንም የማይረጭበት፣ ማንም የማያየው፣ ምግብ የተትረፈረፈበት የቱታ መራቢያ ሆኗል። አንድ ወር ሲያልፍ እራቶቹ ተነሥተው ጎረቤት ያለው አዲስ ችግኝ ላይ ያርፋሉ።

ያ ጎረቤት ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ቢያደርግስ? ቅጠል ቢገለብጥ፣ ወጥመድ ቢሰቅል፣ ኒም ቢረጭ፣ ቲማቲም ካነሳ በኋላ ሽንኩርት ቢተክል? ያግዘዋል። ግን አጠገቡ የተተወ ማሳ ካለ ጎርፉ አይቆምለትም። በሁለተኛው ዓመት «ልፋቱ ምን ፈየደልኝ» ብሎ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ሥልጠናው ከማሳ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ገበሬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ትምህርቱን ረስቶም አይደለም። ለብቻው አትራፊ ስለማይሆን ነው።

ስለዚህ ለቱታ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ነገር አንድ አካባቢ ያለ ገበሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማሳውን እንዲያጸዳ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ለቀማ እንዳበቃ፣ ወይም ሰብሉ እንደተተወ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተክሉ ይነቀላል። በጥልቀት ይቀበራል፣ ወይም ተከምሮ በላስቲክ ተሸፍኖ ፀሐይ ይመታዋል። የወደቀው ፍሬም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ መንደሩ በዓመት ውስጥ ቲማቲም፣ ድንችና ደበርጃን ጨርሶ የማይተከልበት ጊዜ ይቆርጣል፤ ቱታ ሦስቱንም ስለምትበላ።

ማን ያስተባብር? አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። መስኖ ባለበት የውሃ ተራ የሚያወጣ አለ። በብዙ አካባቢ የውሃ አባት የሚባል የተከበረ ሰው ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ተራ ያፈረሰ ይቀጣል፣ ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ይቀጣል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ደግሞ በአዋጅ 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። ቦይ መጥረግ የጋራ ግዴታ ከሆነ የተተወ ማሳ ማጽዳት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ ማሳውን ሳያጸዳ ለሄደ የሚቀጥለው የውሃ ተራ አይሰጠው። መሬት ያከራየውም ሰው ውሉ ላይ ያስገባው፤ ተከራዩ ቢጠፋ ባለመሬቱ ይጠየቅ።

ሁለተኛው የጋራ ጉዳይ ችግኝ ነው። ዛሬ ብዙ ገበሬ ችግኝ ገዝቶ ነው የሚተክለው። ችግኙ የሚፈላበት መደብ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ካልተሸፈነ እንቁላሉ ከችግኙ ጋር ተጭኖ ማሳ ይገባል። ነጭ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ቅጠል አቀጭጮ የሚያጠማዝዘው ቫይረስም ከመደቡ ይጀምራል። ከመቶ ገበሬ ማሳ ይልቅ አንድ ችግኝ ጣቢያ መቆጣጠር ይቀላል።

ለፍራፍሬም ነገሩ ያው ነው፤ ባጭሩ ልበለው። የማንጎ ነጭ ቅርፊት ተባይ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ዛሬ ብዙ ማንጎ አምራች አካባቢዎች ደርሷል። ረጃጅም ያረጁ ዛፎችን በመርጫ መድረስ አይቻልም። የሚሠራው ጎፈር ያለውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ብርሃንና ነፋስ ማስገባት፣ ከተበከለ አካባቢ ችግኝ አለማምጣት ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ሲሆን ደግሞ የወደቀ ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ ግማሽ ሜትር ያህል መቅበር፣ ወይም በላስቲክ ከረጢት አስሮ ፀሐይ ላይ መተው። አንዱ ለቅሞ ሌላው ከተወው ዋጋ የለውም።

ገዢው ሲጠይቅ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንድ የሚገርም ነገር አለ። በአንድ በኩል ኬሚካል በበርሜል የሚበጠብጥ የቲማቲም ገበሬ። በሌላ በኩል አበባ ወደ አውሮፓ የሚልኩ እርሻዎች። አገራችን ውስጥ ጽጌረዳ የሚያመርቱ በርካታ እርሻዎች ቀይ ማይትን የሚከላከሉት እሷን በምትበላ ሌላ ማይት ነው። አዳኟን ገዝተው ቅጠሉ ላይ ይበትኗታል፤ እሷን እንዳይገድሉም ኬሚካላቸውን ይመርጣሉ። የሚበላው ቲማቲም በኬሚካል፣ የማይበላው አበባ በሕይወታዊ ዘዴ። የአበባ እርሻው ካፒታልና ባለሙያ ስላለው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ዋናው ምክንያት አውሮፓ ያለው ገዢ ምን እንደረጨ መጠየቁ ነው።

ስፔን አልሜሪያ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ከዚያ የሄደ ቃሪያ ላይ ያልተፈቀደ ኬሚካል ተገኘ። ገዢዎች ጀርባቸውን ሰጡ። የፕላስቲክ ቤት ገበሬዎቹ ለዓመታት ሲመከሩ ያልሰሙትን በሁለት ዓመት ውስጥ አደረጉት። ቃሪያው በአብዛኛው ወደ ጠቃሚ ነፍሳት ዞረ።

አዲስ አበባ አትክልት ተራ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። ፍሬው ያምራል ወይ? ጠንከር ያለ ነው ወይ? ሳጥኑ ስንት? ደላላው ስለ ርጭት አይጠይቅም፤ እኛም ጉልት ላይ አንጠይቅም። አንድ የትል ቀዳዳ ያላት ቲማቲም ዋጋ ታስቀንሳለች፤ አሥር ጊዜ የተረጨች ግን ምንም አታስቀንስም። ገበሬው ይሄን ሒሳብ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ሁሉንም ገበያ በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። በጅምላ የሚገዙ ተቋማት ግን አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ምግብ ቤት፣ ሆስፒታሎች ለሕሙማን፣ ትልልቅ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች በየሳምንቱ ቲማቲምና ጎመን ይወስዳሉ። ብዙዎቹ የሚገዙት በጨረታ ነው። የጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስፈርት ይግባ፤ አቅራቢው ምን ኬሚካል፣ በየትኛው ቀን እንደተረጨና መቼ እንደተለቀመ የሚያሳይ የማሳ መዝገብ ያቅርብ። አልፎ አልፎ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። ለመዝገቡ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ማሳ ላይ ሲዞሩ ያዩትን ትል የሚጽፉበትም ያው ደብተር ነው። በአንድ ወረዳ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ የመስኖ ማኅበር በዚህ ቢስማሙ፣ ለተመዘገበው ቲማቲም በኪሎ ጥቂት ብር ቢጨመር፣ ለሚቀጥለው መስኖ ወቅት መጀመር ይቻላል።